ፍርሃት ሲሸሹት ይከተላል



ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ ሕመም ነው። ይህ ሕመም ቁስል የለውም። አያስልም፤ አያስነጥስም። ከውጭ ሲያዩት አይታይም። የያዘው ልጅ ግን እንቅልፍ ያጣል። ምግብ ያስጠላዋል። ከትምህርት ቤት ይቀራል። የሕመሙ ስም ጭንቀት ይባላል።

ነገሩ እንዲገባን አንዲት እናትና አንዲት ልጅ እናስብ። ለምሳሌ ያህል ስለሆነ ስም አንሰጣቸውም። እንዲህ ያለ ቤት ግን በሐብሩም፣ በመርሳም፣ በወልድያም አይጠፋም።

ልጅቱ 15 ዓመቷ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ቤታቸው ከመርሳ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል። አንድ ሰኞ ጠዋት «እማ፣ ሆዴን አመመኝ» አለች። እናት ዳማከሴ ጨምቃ ሰጠቻት። ልጅቱ ቤት ዋለች። እኩለ ቀን ሲሆን ሕመሙ ተዋት። ማክሰኞ ጠዋት እንደገና ያዛት። ረቡዕም እንዲሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን ደኅና ዋለች።

አባት ተቆጣ። «ትምህርት ባለበት ቀን ብቻ የሚነሣ የሆድ ቁርጠት ምን ዓይነት ነው? ስንፍና ነው እንጂ!» አለ። ጎረቤት «ዓይን በልቷት ነው» አለች። ሌላዋ «የለም፣ ጂኒ ነው» አለች። አንድ ዘመድ ደግሞ «እንግዲህ ካልተማረች ትዳር ትያዝ፤ አለዚያም ዐረብ አገር ትሂድ» ብሎ መከረ።

ልጅቱ ሁሉንም ሰማች። ምንም አልመለሰችም። አንገቷን ደፋች።

አንድ ማታ ቡና ተጠጥቶ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ እናትና ልጅ ብቻቸውን እሳት ዳር ቀሩ። እናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አብሽሪ ልጄ። ምንም ብትይኝ አልቆጣሽም። ምንድን ነው ያስጨነቀሽ?» አለቻት።

ልጅቱ አለቀሰች። ከዚያም ተናገረች። «እማ፣ አስፋልቱ ጋ ስደርስ ልቤ ይመታል። አንድ ቀን የከባድ መኪና ጎማ ፈነዳ። ያ ጊዜ የመጣ መሰለኝ። እግሬ ተሳሰረ። ትንፋሽ አጠረኝ። የምሞት መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ አስፋልቱን ሳስበው ሆዴ ይቆርጠኛል።»

ያ ጊዜ

«ያ ጊዜ» ምን ጊዜ ነው? የሰሜን ወሎ ሰው ያውቀዋል። የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ አካባቢ የደረሰበት ጊዜ ነው። ወልድያ፣ መርሳና የሐብሩ ቀበሌዎች ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። አራት ወር ያህል ማለት ነው። ሰው ሞተ። ሴቶች ተደፈሩ። ቤት ተዘረፈ። ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ተጎዳ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ በቆቦ በኩል እንደገና ሲነሣ ብዙ ሰው ልጁን አዝሎ ሸሸ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ሌላ ውጊያ ተነሣ። ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ከወለጋ ተፈናቅለው በሐብሩ ወረዳ በጃራ መጠለያ የተጠለሉ ቤተሰቦችም የራሳቸውን መከራ ይዘው ነበር የመጡት።

በ2013 ዓ.ም. የ10 ዓመት ሕፃን የነበረች ልጅ ዛሬ ኮረዳ ሆናለች። ያኔ ያየችውን አልረሳችም። አካሏም አልረሳም።

ፍርሃት ጠባቂ ውሻ ነው

ፍርሃት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ፍርሃት እንደ ጠባቂ ውሻ ነው። ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፤ ቤት ያድናል። ሰው ጅብ ቢያይ አካሉ ወዲያው ይሰናዳል። ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ለእግሩና ለእጁ ደም ይልካል። ትንፋሹ ይፈጥናል። ያልበዋል። ሆዱ ምግብ መፍጨቱን ይቀንሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰውየው እንዲሮጥ ወይም እንዲታገል ነው።

አንዳንድ ጊዜ ግን ውሻው ይሳሳታል። ሌባ ብዙ ጊዜ የመጣበት ቤት ውሻ፣ እንግዳ ሲመጣም ይጮኻል። ቅጠል ሲንኮሻኮሽም ይጮኻል። አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ያሉት ይህን ነው። ልጡ እባብ አይደለም። የሰውየው ድንጋጤ ግን እውነት ነው።

እንግዲህ የልጅቱ የሆድ ቁርጠት ውሸት አልነበረም። ጅብ ሲያይ የሚቆርጠው ሆድ፣ አስፋልቱን ስታስብም ቆረጣት። ቅዳሜና እሑድ አስፋልቱ አልነበረም፤ ስለዚህ ቁርጠቱም አልነበረም። አባት «ስንፍና ነው» ያለው ይህን ስላላወቀ ነው።

መቼ ነው ሕመም የሚሆነው?

ልጅ ሁሉ ይፈራል፤ ይጨነቃልም። የፈተና ዕለት መጨነቅ ያለ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ ተማሪ ቢጨነቅ ምን ይገርማል?

ጭንቀት ሕመም ሆኗል የሚባለው እነዚህ ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው፦

1ኛ. አደጋው ካለፈ በኋላ ፍርሃቱ ሳይለቅ ሲቀር፤

2ኛ. ለሳምንታትና ለወራት ሲቆይ፤

3ኛ. ልጁን ከሥራው ሲያስቀር፤ ማለትም ከትምህርት፣ ከጓደኛ፣ ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ሲለየው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ 7 ልጆች አንዱ በአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ይቸገራል። ጭንቀት ከነዚህ ሕመሞች አንዱ ነው። ስለዚህ ይህ የአንድ ቤት ጉድ አይደለም። የሚያሳፍርም አይደለም።

ሲሸሹት ለምን ይከተላል?

ልጅቱ ቤት ስትውል ሆዷ ተሻላት። ይህ ደግ ነገር ይመስላል። ነገር ግን እናስተውል። አካሏ ከዚህ ምን ተማረ? «ከአስፋልቱ ስለሸሸሁ ዳንሁ፤ እንግዲያው አስፋልቱ እውነትም አደገኛ ነው» ብሎ ተማረ። በማግሥቱ ፍርሃቱ ባሰ። መጀመሪያ የፈራችው አስፋልቱን ብቻ ነበር። ከዚያ መንገዱን ሁሉ ፈራች። ከዚያ ገበያ መሄድ ተወች። ሠርግ ቤት ጥይት ይተኮሳል ብላ ሠርግም ቀረች። በመጨረሻ የቀራት ጓዳ ብቻ ሆነ።

ፍርሃት እንዲህ ነው። ሲሸሹት ይከተላል። ቀስ ብለው ሲቀርቡት ግን ይደክማል።

እናንተም ታውቁታላችሁ

አንባቢ ሆይ፣ ፊደል ለመቁጠር የተቀመጥክበትን የመጀመሪያ ቀን ታስታውሳለህ? አንቺስ እኅቴ፣ ጠመኔ ይዘሽ ወደ ሰሌዳው ስትወጪ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም? «በዚህ ዕድሜዬ ሰው ይሥቅብኛል» ያላለ ማን ነው? ያን ቀን ጋዜጣ አንብቡ ብትባሉ ሸሽታችሁ ትወጡ ነበር። አስተማሪው ግን እንደዚያ አላደረገም። መጀመሪያ «ሀ» አለ። ከዚያ «ሁ» አለ። ፊደል ከቃል፣ ቃል ከዐረፍተ ነገር አደረሰ። ይኸው ዛሬ ይህን ገጽ ታነባላችሁ። ፍርሃቱ የት ሄደ? ማንም አላወጣውም። እናንተ ስትቀርቡ እሱ ራቀ።

የጭንቀት ሕክምናም ሥራው ይኸው ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ይህ ነገር በሕክምናም ተፈትኗል። ከ100 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ፒተር ብላ ስለጠራችው አንድ ሕፃን ጻፈች። ሕፃኑ ጥንቸል ሲያይ ይጮኽ ነበር። አልቆጣችውም። ጥንቸሏንም ጭኑ ላይ አልጣለችበትም። የሚወደውን ምግብ ሰጠችው፤ ጥንቸሏን በቀፎ አድርጋ ራቅ አድርጋ አስቀመጠቻት። በየቀኑ ጥቂት በጥቂት አቀረበቻት። ጥንቸል የማይፈሩ ሌሎች ልጆችም አብረውት እንዲጫወቱ አደረገች። በመጨረሻ ሕፃኑ ጥንቸሏን በእጁ ዳሰሳት።

የመሰላሉ ሥራ

ለኛዋ ልጅ ሕክምናው ምን ይመስላል? እናት ከልጅቱ ጋር ጤና ጣቢያ ሄደች እንበል። «ሲስተር፣ ልጄን ምን ላድርጋት?» አለች። ነርሷ የልጅቱን ሆድ መረመረች፤ ሌላ በሽታ አለመኖሩን አረጋገጠች። ይህ መቅደም አለበት። ከዚያ «እናቴ፣ መንገዱ ዛሬ ሰላም ነው?» ብላ ጠየቀች። ይህ ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው። መንገድ ላይ ተኩስ ካለ የልጅቱ ፍርሃት ትክክል ነው፤ ውሻው የጮኸው በሌባ ላይ ነው። ተኩስ ባለበት ልጅን መላክ ሕክምና አይደለም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ብቻ ነው መሰላሉ የሚጀመረው።

ነርሷና ልጅቱ አብረው መሰላል ሠሩ። እርከኖቹ እነዚህ ናቸው፦

1ኛ. ቤት ተቀምጣ መንገዱን በወረቀት መሣል፤ ስለሱም መናገር።

2ኛ. ከእናቷ ጋር አስፋልቱ ከሩቅ እስከሚታይበት ጉብታ መሄድ።

3ኛ. ከእናቷ ጋር አስፋልቱ ዳር ቆሞ መኪና ሲያልፍ ማየት።

4ኛ. ትምህርት በሌለበት ቀን ከጓደኛዋ ጋር እስከ ትምህርት ቤቱ በር መድረስ።

5ኛ. ከጓደኛዋ ጋር ሄዳ ግማሽ ቀን መማር።

6ኛ. ሙሉ ቀን መማር።

በየእርከኑ ነርሷ «ፍርሃትሽ ከ10 ስንት ነው?» ትላታለች። ልጅቱ «8 ነው» ትላለች። ስምንት ሲሆን ሮጦ መመለስ የለም። ቆሞ መጠበቅ ነው። አካል ሁልጊዜ እንደ ደነገጠ አይቆይም፤ ይደክመዋል። ስምንቱ ስድስት ይሆናል። ስድስቱ አራት ይሆናል። ያን ጊዜ አካሏ አዲስ ትምህርት ይማራል፤ «ቆምሁ፣ ምንም አልሆንሁም» ይላል። አንዱ እርከን ቀላል እስኪሆን ይደጋገማል። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ይወጣል።

ሀሳብን እንደ ምስክር መመርመር

ሁለተኛው ሥራ ሀሳብን መመርመር ነው። ልጅቱ «አስፋልቱ ጋ ብደርስ እሞታለሁ» ትላለች። ይህ ሀሳብ ነው። ሀሳብ ሁሉ እውነት ነው?

የአገር ሽማግሌ ጠብ ሲዳኝ አንዱን ሰምቶ አይፈርድም። «ምን አየህ? ማን ነበር? ሌላ ምስክር አለ?» ይላል። ልጅቱም ሀሳቧን እንዲሁ ትጠይቅ። «ባለፈው ወር ስንት ሰው በዚህ መንገድ ሄዶ ተመለሰ? ጎማ ሲፈነዳ እውነት ተኩስ ነበር? ልቤ ሲመታ ሞትሁ ወይ?» ትበል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር አሮን ቤክ ይህን ሀሳብን የመመርመር ዘዴ ሕክምና አድርጎ አስፋፋው። ቁም ነገሩ ግን ለወሎ ሽማግሌ እንግዳ አይደለም።

ሦስተኛው ሥራ አተነፋፈስ ነው። ድንጋጤ ሲመጣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ስለዚህ ቀስ ማድረግ ነው። እስከ 4 እየቆጠሩ በአፍንጫ ማስገባት፤ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት፤ ይህንንም 5 ደቂቃ ያህል መደጋገም። ደኅና በሆኑበት ሰዓት ቢለማመዱት፣ በጭንቅ ሰዓት አይጠፋም።

ማን ያክማል?

«እኛ ጋ የአእምሮ ሐኪም የት አለ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችን ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ነርሶችን በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን ተጀመረ። ዛሬ የሠለጠኑ ባለሙያዎች በክልል ሆስፒታሎችም ይሠራሉ።

ደግሞም ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ ሐኪም መሆን የለበትም። በዚምባብዌ አገር ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 አሮጊት እናቶችን አሠለጠነ። እናቶቹ ከጤና ጣቢያ አጠገብ በእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያዳምጣሉ። ችግሩን በዝርዝር ያወጣሉ። አንዱን መርጠው መፍትሔ እንዲፈልግ ያግዙታል። ሕክምናው ተመርምሮ ብዙ ሰው እንደረዳ ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 መከራ ላገኛቸው ታዳጊዎች የሚሆን መጽሐፍ አወጣ። ልጆቹ በቡድን 7 ጊዜ፣ ወላጆች ደግሞ 3 ጊዜ ይሰበሰባሉ። የሚመሩትም ሠልጥነው የሚታገዙ ተራ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከባድ ከሆነ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል ያስተላልፏችኋል። «የአእምሮ ሕክምና ክፍል የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ጠበል የሚሄድ ይሂድ። ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ። ወሎ ይህን አብሮ የኖረበት ነው። ሸኹም ቄሱም የተጨነቀ ልጅ ሲያጽናኑ መልካም ነው። ነገር ግን ልጅን ማሰር፣ መግረፍ፣ ማስራብ መድኃኒት አይሆንም፤ ፍርሃትን ይጨምራል። እምነቱ ከሕክምናው ጋር ይሂድ።

የእንቅልፍ ክኒን ከሱቅ ገዝታችሁ አትስጡ። መድኃኒት ካስፈለገ ሐኪም ይዘዝ። ጫት ልብ ያስመታል፤ እንቅልፍ ይነሣል። ዐረቄ ለአንድ ማታ ያስረሳል፤ በማግሥቱ ጭንቀቱን አብሶ ይመልሰዋል።

ወላጅ ምን ያድርግ?

አዳምጡ። ሳትቆጡ፣ ሳታቋርጡ። ልጁ ያየውን ሁሉ እንዲናገር ግን አታስገድዱ። የተሠራባትን በደል የደበቀች ልጅም ልትኖር ትችላለች። ስትናገር «ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» አይባልም። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ይባላል። ጤና ጣቢያም ምሥጢር ይጠብቃል።

«ፈሪ» ብላችሁ አትስደቡ። ጎትታችሁም አታስገድዱ። «በቃ ቅሪ» ብላችሁም አትተዉ። ስድብ ልጁን ያስደብቀዋል። ማስገደድ ያስደነግጠዋል። መተው ደግሞ ፍርሃቱን ያነግሠዋል። መንገዱ ከሦስቱም ሌላ ነው፤ አብሮ ጥቂት በጥቂት መሄድ ነው።

ትምህርት ማስተው መፍትሔ አይደለም። ከ18 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ መዳር በሕግ የተከለከለ ነው። ፍርሃቷም ከጥሎሽ ጋር ቤት አይቀርም፤ አብሯት ይሄዳል።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳትረሱ። ልጁ «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ብቻውን አትተዉት። የተባይ መርዝና ገመድ ከቤት አርቁ። ያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ።

የልጅቱ ነገር

የኛዋ ልጅ ሦስተኛው እርከን ላይ ሁለት ሳምንት ቆየች። አንድ ቀን አስፋልቱ ዳር ቆማ አንድ ከባድ መኪና ጥሩንባ ነፋ። ጮኸች። የእናቷን ነጠላ ያዘች። እናት «እንመለስ» አላላቻትም። «ሂጂ» ብላም አልገፋቻትም። «አብሽሪ፣ እዚሁ ነኝ» አለቻት። ቆዩ። «አሁን ከ10 ስንት ነው?» አለቻት። ልጅቱ አሰበች። «ቅድም 9 ነበር። አሁን 5 ሆነ» አለች።

አባትም ይህን ሰማ። በማግሥቱ ጠዋት በሬውን ለጎረቤት ሰጥቶ «ዛሬ እኔ እሸኛታለሁ» አለ።

ልቧ ዛሬም አልፎ አልፎ ይመታል። እሷ ግን ደብተሯን ይዛ ትሄዳለች።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የልጅቱ ሆድ በትምህርት ቀን ብቻ የታመመው ለምንድን ነው?

2. እናንተ ፊደል ስትጀምሩ ምን ፈራችሁ? ፍርሃቱ እንዴት ለቀቃችሁ?

3. በቀበሌያችሁ ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ አለ? «ለምን ቀረህ?» ብሎ ሳይቆጣ የጠየቀውስ ሰው አለ?